ከፎቶ ቤት ወደ እልፍኝ፤ የሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ ጉዞ

አዳማ ውስጥ ሠርግና ምርቃት እያነሳ የሚተዳደር አንድ ወጣት ባለፈው ዓመት ጥያቄ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ካሜራውን ገዝቻለሁ፤ የቀረኝ ሌንሱ ነው። ትንሿን ሃምሳ ልግዛ ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ ትልቋን ልጠብቅ?» አለኝ። ካሜራው በዛሬው አጠራር ‹ሚረርለስ› የሚባለው፣ በሆዱ ውስጥ መስተዋት የሌለው ነው። ሁለቱም ሌንሶች ዙም የላቸውም፤ ሁለቱም አፋቸው ሰፊ ነው። አንደኛዋ ኤፍ 1.8፣ ሁለተኛዋ ኤፍ 1.2 ናት፤ በዋጋ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

«ለምን ሥራ ፈለግኸው?» ብዬ ብጠይቀው ስለ ሠርግ አላነሳልኝም። መቂ አጠገብ የሚኖሩ ሴት አያት አሉት፤ አኮ ይላቸዋል። አኮ በዕድሜያቸው ሙሉ የተነሱት ፎቶግራፍ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ሲሆን፣ ሌላው ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው ከተማ ፎቶ ቤት ገብተው፣ በሸራ ላይ ከተሳለ ሐይቅና ዘንባባ ፊት ቀጥ ብለው የቆሙበት ነው። «ሁለቱም አኮን አይመስሉም» አለኝ ልጁ። «በቤታቸው፣ በቤታቸው ብርሃን ላነሳቸው ፈልጌ ነበር። በፍላሽ ሳነሳቸው ፊታቸው ያብረቀርቃል፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ይጨልማል፤ ያለ ፍላሽ ደግሞ ይደበዝዛል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብዙ ጊዜ ያለኝ አይመስለኝም።»

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሱቅ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ፣ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥያቄም ነው፤ በጥቂት ብርሃን የሰውን ፊት እንዴት አድርጎ መያዝ ይቻላል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃን ውድ በነበረበት ዘመን

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ይፋ ሲደረግ የሰው ፊት ማንሳት የሚቻል ነገር አይመስልም ነበር። የዘመኑ ሌንስ አፉ ጠባብ ስለነበረ ተነሺው በጠራራ ፀሐይ ደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1840፣ በቪየና ያስተምር የነበረው የሒሳብ ሊቅ ዮሴፍ ፔትስቫል ለፊት ማንሻ የሚሆን ሌንስ በስሌት አዘጋጀ። አፉ ኤፍ 3.6 ገደማ ነበር፤ ከቀደሙት ሌንሶች ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ፊት ማንሳት መተዳደሪያ ሙያ ሊሆን የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ማብራራት ይገባል። ‹ኤፍ› የሚባለው ቁጥር የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በአፉ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል ማለት ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 3.5 የ14 ሚሊ ሜትር ያህል አፍ ሲኖረው፣ በኤፍ 1.8 ግን ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው ቀደምት መንገዶች አንዱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች መጥተው ተራራውንና ምሽጉን አነሱ። በዚያው ዓመት የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ አገር ከተወሰደ በኋላ፣ በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። ካሜሮን ሰዎችን ለረጅም ጊዜ እንዳይነቃነቁ አድርጋ በማንሳት የታወቀች ናት። እናቱን በጉዞ ላይ ያጣው ልጅ በዚያ ምስል ላይ የሚታይበት ጸጥታ የኀዘን ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ ሌንስና የዘመኑ መስታወት የጠየቁት ጸጥታም አለበት። የድሮ ፎቶግራፎችን ስናይ አያቶቻችን ‹ኮስታራ ነበሩ› እንላለን። ኮስታራነታቸው ግን በከፊል የመሣሪያው ነው።

ባቡሩና ፎቶ ቤቱ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። የንጉሡ አማካሪ የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ያነሳቸውና የሰበሰባቸው ምስሎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ ሙያው በአርመኖች እጅ ዳበረ። በድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ይዘው በየተራ ቤተ መንግሥቱን አገለገሉ። ይህን የመጀመሪያ ዘመን በሰፊው ያሳየን በ1996 የታተመው የሪቻርድ ፓንክረስትና የዴኒስ ዤራር መጽሐፍ ነው።

ይህ ግን የመሳፍንትና የመኳንንት ታሪክ ነው። ተራው ሰው ወደ ካሜራ ፊት የቀረበው ከተሞች ሲስፋፉ ነው። ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማን፣ ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ ነበር። የአዳማ የገበያ ከተማነት ከጣቢያው ጋር አደገ። በ1954 የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ፋብሪካና ግድብ ባለበት ደመወዝተኛ አለ። ደመወዝተኛ ደግሞ ለአገር ቤት የሚልከው ፎቶግራፍ ይፈልጋል፤ ‹ደኅና ነኝ፣ ሰው ሆኛለሁ› የሚል።

ፎቶ ቤቱ ይህን ፍላጎት አሟላ። በሩ ላይ መስተዋትና ማበጠሪያ፣ ውስጥ የተሳለ ሸራ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ለሌለው የሚዋስ ኮትና ክራባት፣ በግራና በቀኝ ባውዛ። ሰውየው ገብቶ ይቆማል፤ ‹አገጭህን ከፍ› ይባላል፤ አለቀ። ፎቶ ቤቱ ለድሃውም ለሀብታሙም አንድ ዓይነት ክብር ሰጥቷል፤ ይህን ውለታውን መዘንጋት አይገባም። ሆኖም ሁሉንም ሰው ከቤቱ አውጥቶ አንድ ሸራ ፊት አቁሟል። የወንጂው ሸንኮራ ቆራጭ፣ የመቂዋ እመቤት፣ የሻሸመኔው ነጋዴ ሁሉም በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ይመስላሉ። እውነተኛው ዝዋይ በቅርብ ተኝቶ ሳለ፣ ሰዉ የተነሳው በተሳለው ፊት ነው።

ምክንያቱ ቸልታ አልነበረም፤ ብርሃን ነው። የጭቃ ቤት መስኮቱ ትንሽ ነው። የዘመኑ ፊልም ዘገምተኛ ነበር፤ ባውዛና መብራት ያለው ደግሞ ፎቶ ቤት ነው። ሰውን በቤቱ ለማንሳት ሰፊ አፍ ያላት፣ በእጅ የምትያዝ ካሜራ ታስፈልግ ነበር።

ሃምሳ ከየት መጣች?

እንዲህ ያለችው ካሜራ የተወለደችው በጀርመን አገር ነው። የላይትስ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ኦስካር ባርናክ ለሲኒማ የተሠራውን ፊልም አጋድሞ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል የምታነሳ ትንሽ ካሜራ ፈለሰፈ፤ ላይካ ተብላ በ1925 ለገበያ ቀረበች። ሌንሷን ያሰላው ማክስ ቤሬክ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 3.5። የምስሉ ማዕዘን ከማዕዘን ሲለካ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ለዚህ ልክ የቀረበ ሌንስ ነገሩን ሳያቀርብና ሳያርቅ ያሳያል። ‹መደበኛ› የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን ሉድቪግ በርቴለ የሚባል ወጣት ኤርኖስታር የተባለውን ኤፍ 2፣ ቀጥሎም ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ሠራ። ጋዜጠኛው ኤሪክ ሳሎሞን በዚህ ሌንስ የፖለቲከኞችን ስብሰባ ያለ ፍላሽ፣ ሰዎቹ ሲያንቀላፉና ሲንሾካሾኩ ሳይቀር ማንሳት ጀመረ። በ1932 ይኸው በርቴለ ለኮንታክስ ካሜራ ኤፍ 1.5 የሆነችውን ዞናር አበረከተ። ከላይካዋ የመጀመሪያ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር የምታስገባው ብርሃን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው።

ሆኖም ዛሬ በብዛት የምናውቃት ሃምሳ የሌላ ዘር ልጅ ናት። በ1896 የዛይስ ኩባንያ ባልደረባ ፓውል ሩዶልፍ ፕላናር የተባለውን ባለ ስድስት መስታወት ሌንስ ሠርቶ ነበር። ንድፉ ድንቅ ቢሆንም በየመስታወቱ ገጽ ላይ ብርሃን እየተንጸባረቀ ምስሉን ያገረጣው ስለነበር ለአርባ ዓመት ያህል በሚገባው ልክ አልተሠራበትም። በ1935 የዚያው ኩባንያ ባልደረባ አሌክሳንደር ስማኩላ መስታወቱን በስስ ልባስ መቀባት የሚቻልበትን ዘዴ ካገኘ በኋላ ግን ያ ንድፍ ዓለምን ወረሰ።

ከጦርነቱ በኋላ ባለ መስተዋት ካሜራ ሲነግሥ አንድ ችግር መጣ። ከሌንሱ ኋላ የሚገለባበጠው መስተዋት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌንሱ ከፊልሙ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲርቅ ግድ ሆነ። አፈ ሰፊዎቹ ሌንሶች ብዙ ጊዜ 55 ወይም 58 ሚሊ ሜትር ሆነው የተሠሩት በዚህ የተነሳ ነው። ከሶቭየቱ ዜኒት ካሜራ ጋር የምትመጣው ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 ናት፤ እርሷም የዛይስ ቢዮታር ቅጂ ናት። በ1976 የወጡት ካነን ኤ.ኢ. 1 እና ፔንታክስ ኬ 1000 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሃምሳ ጋር ይሸጡ ነበር። ያኔ ሃምሳ ከካሜራው ጋር በነጻ የመጣች ያህል ትቆጠር ስለነበር ማንም አላከበራትም። በኋላ ዙም ቦታዋን ሲወስድባት፣ የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ የገባው ሰው ጥቂት ነው።

ነጠላና ፊት

የጠፋው ነገር ብርሃን ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ርካሽ ዙም በሃምሳ ሚሊ ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 5.6 ገደማ ነው። ከኤፍ 1.8 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ለነጮቹ አገር ሰፊ መስኮትና ነጭ ግድግዳ ይህ ላያስቸግር ይችላል፤ ለእኛ ግን ሌላ ሒሳብ አለ።

የካሜራ መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ፊታቸው ጠይም የሆነ እናት ቢቀመጡለት፣ ነጠላው ምስሉን ስለሚሞላው ‹ብርሃን በዝቷል› ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ጥለቱ ተለይቶ ይታያል፣ ፊቱ ግን ጥላ ይሆናል። በፊልም ዘመን ነገሩ የባሰ ነበር። የቀለም ፎቶግራፍ ማጠቢያዎች ቀለማቸውን ያስተካክሉ የነበረው የነጭ ሴት ፊት ባለባቸው የኮዳክ ካርዶች ነበርና የጠይም ፊት መልክ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቷል። ስለዚህ አንሺው ከመለኪያው ትእዛዝ በላይ፣ አንዳንዴ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ብርሃን ለፊቱ መስጠት አለበት። ያን ትርፍ ብርሃን በጨለማ እልፍኝ ውስጥ ከየት ያመጣዋል? ከሰፊ አፍ ሌንስ ነው። በእኛ አገር ሰፊ አፍ ቅንጦት አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

መስተዋቱ ሲወጣ

በ2008 ፓናሶኒክ መስተዋት የሌላትን ጂ 1 አወጣ፤ በ2013 ሶኒ ሙሉውን 24 በ36 ስፋት በዚህ ዓይነት ካሜራ አቀረበ፤ በ2018 ካነንና ናይኮን ተከተሉ። መስተዋቱ ሲወጣ ሌንሱ ወደ ምስሉ ገጽ ተጠጋ፤ በሶኒ 18፣ በካነን 20፣ በናይኮን 16 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ሁለት ነገር ተከተለ።

አንደኛው፣ ሠሪዎቹ እንደ ልባቸው ትልልቅ መስታወት ከኋላ ለማስቀመጥ ቻሉ። ካነን ለዚህ ካሜራው የሠራት ኤፍ 1.2 ሃምሳ 950 ግራም ትመዝናለች፤ የዚያው ኩባንያ ኤፍ 1.8 ግን 160 ግራም ብቻ ናት። ለገበያ ሲቀርቡ የዋጋቸው ልዩነት ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። የብርሃኑ ልዩነት ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው።

ሁለተኛው፣ የድሮ ሌንሶች ከሞት ተነሱ። በቀለበት ማገናኛ የአባት ሄሊዮስ በልጅ ካሜራ ላይ ይገጠማል፤ ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ብቻ ነው። የድሮ ሌንስ የሚገዛ ሰው ግን በባትሪ መብራት ውስጡን ይመልከት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ፣ ወይም አፉን የሚከፍቱና የሚዘጉት ስስ ብረቶች ዘይት ከነካቸው ይተወው።

ምርጫው

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። የነገርኩት ይህን ነው።

መጀመሪያ የካሜራህን የምስል ገጽ ስፋት እወቅ። ሙሉ ስፋት ከሆነ 50 ይሆንሃል። በአንድ ነጥብ አምስት የሚጠበው ከሆነ ግን የሃምሳን ሥራ የሚሠራልህ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ በግማሽ የሚጠበው ከሆነ 25። ይህን ሳያውቅ ሃምሳ ገዝቶ በጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባው ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ብዙ ሰው አለ።

ቀጥሎ ስለ ጥልቀት አስብ። ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት በሃምሳ ስታነሳ፣ በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በኤፍ 1.2 ከሰባት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ዓይናቸው ጠርቶ ጆሯቸው ይደበዝዛል። አኮ ብቻቸውን ከሆኑ አሥሩ ይበቃሃል፤ የልጅ ልጅ አቅፈው ከሆነ ግን ኤፍ 1.2 ገዝተህ እንኳ ወደ ኤፍ 2.8 ወይም 4 መዝጋትህ አይቀርም። ያልተጠቀምክበትን ብርሃን በውድ ገዛኸው ማለት ነው።

ካሜራው ውስጥ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያም አያታልልህ። እርሱ የአንተን እጅ እንጂ የእሳቸውን ሳቅ አያቆምም። ለሕያው ሰው አንድ ስልሳኛ ሰከንድ፣ ቢቻል አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ያስፈልጋል።

አገርህንም አስብ። አዳማ የነፋስ አገር ናት፤ በ2012 እና በ2015 የተመረቁት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ እዚያ አልተተከሉም። መስተዋት የሌለው ካሜራ ሌንሱ ሲወልቅ የምስሉ ገጽ ብዙ ጊዜ ለአቧራ የተጋለጠ ነው። አንዲት ሌንስ ገጥሞ አለማውለቅ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብልህነት ነው። ለዚህ ደግሞ ቀላሏ ትሻላለች፤ ከብዳ ቤት የምትቀር ሌንስ ምንም አታነሳምና።

ለትልቋ ሌንስም ግን እውነቱን መንፈግ አይገባም። አፏን ሙሉ በሙሉ ከፍተህ ስታነሳ ከዳር እስከ ዳር ያላት ጥራት፣ መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ያላት ትዕግሥት ከትንሿ ይበልጣል። በየሳምንቱ የሌሊት ሠርግ እያነሳ ገንዘቡን ለሚመልስ ሰው አግባብ ሊሆን ይችላል። ሊጠብቅ የማይችል ሥራ ላለው ግን ጥበቃው ራሱ ዋጋ አለው።

ልጁ ትንሿን ገዛ። በአንድ ቅዳሜ ጧት መቂ ወርዶ አኮን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ገባ ብለው እንዲቀመጡ አደረገ፤ የበሩ ብርሃን ከጎን ይመጣል፣ ከኋላቸው እንስራውና ረከቦቱ ይታያል። ከመለኪያው በላይ ብርሃን ጨመረ። መጀመሪያ ያነሳቸው አብዛኞቹ ተበላሹ፤ ትኩረቱ ዓይናቸው ላይ መሆኑ ቀርቶ ነጠላቸው ጠርዝ ላይ ሆነበት። ከሰዓት በኋላ ገባው። ምስሉን ሲያሳያቸው አኮ ብዙ ካዩ በኋላ «ይኸውና፣ ቤቴም አለበት» አሉ አለኝ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የሌንስ ጉዳይ አይደለም። ፎቶ ቤቶቹ እየተዘጉ ነው። ለመታወቂያ የሚነሳው ጉርድ እንኳ ከእጃቸው እየወጣ ነው፤ በፋይዳ ምዝገባ የሰውን ፊት እዚያው የሚያነሳው መዝጋቢው ነው። በአዲስ አበባ የቤተሰብ አልበሞችን አሰባስበው ‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ› በሚል መጽሐፍ ያሳተሙ ወጣቶች ጥሩ መንገድ አሳይተዋል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞችም በየጓዳው የተቀመጠ የነጋቲቭ ሣጥን ያለው ሰው አይጣለው። የተሳለው ሐይቅ ያስቀን ይሆናል፤ ፊቱ የቆሙት ሰዎች ግን የእኛ ናቸው። አዲስ የሚያነሳም ሰው ከመቶው አንዱን ያሳትም፤ ከጀርባው ስም፣ ቦታና ቀን ይጻፍበት። ወጣቱም የአኮን ምስል አሳትሞ በጀርባው ስማቸውን፣ መቂንና ቀኑን ጽፎበታል።